ለኒውትሪኖ ጉዞ ዱአ ፍለጋ ወደ መርካቶ

ንጋት፣ ደብረ ማርቆስ

መናኸሪያው ብርድ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ሲጭን "መምህርት፣ ልትከርሚ ነው እንዴ?" አለኝ። የምሄደው አባቴን ለመሰናበት ነው፤ ከዚያ ጃፓን፣ ለምርምር፣ ሦስት ዓመት። ከቤታችን ያለ አባቴ ዱአ ርቆ የሄደ ሰው የለም፤ የመጀመሪያዋ መሆን አልፈልግም። በስልክ ስለምነው "ያላየሁትን ዕቃ አልመርቅም፤ መጥተሽ አስረጂኝ" ብሎ ዘጋው። ነጋዴ ነዋ!

ረፋድ፣ ደጀን

ፍርፍርና ሻይ። ሹፌሩ ምን እንደማስተምር ጠየቀኝ።

"ፊዚክስ።"

"እሱ ነው ከትምህርት ያባረረኝ" አለና ወደ ሳህኑ ዞረ።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። የሥራ ባልደረቦቼን የማውቃቸው በኮምፒውተር መስኮት ብቻ ነው። እነሱ ጃፓን ውስጥ የሚልኩት የቅንጣት ጨረራችን ከማርቆስ አዲስ አበባ የሚያህለውን መንገድ በዓይን ጥቅሻ ይጨርሳል፤ እኛ ገና የዓባይን በረሃ እንወርዳለን። ጠመዝማዛው፣ ሙቀቱ፣ የፍሬን ሽታው፣ መንገድ ዳር የተኮለኮለው ዝንጀሮ።

ከሰዓት፣ መርካቶ

አውቶቡስ ተራ ስወርድ "አልጋ ነው? ታክሲ ነው?" የሚለው ጩኸት ተቀበለኝ። በጋሪዎች መሃል እየተሹለከለክሁ ጎጃም በረንዳ አጠገብ ካለው የአባቴ የቅመም ሱቅ ደረስኩ። ጎረቤቱ ሐጂ ሰዒድ መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ ይዘው ተቀምጠዋል።

አባቴ ስሞኝ ሳይጨርስ "በይ አስረጂን" አለ።

"ኒውትሪኖ የምትባል ደቃቅ ነገር አለች። በማሽን ሠርተን ከባሕር ዳርቻ እንልካታለን። ምድርን ሰንጥቃ ታልፋለች፣ ድንጋይ አያቆማትም። ከዚህ እስከ ማርቆስ በሚያህል ርቀት፣ ተራራ ሥር፣ ትልቅ የውሃ ጋን ይጠብቃታል። አብዛኛዋ ታመልጣለች፤ ጥቂቷን እንይዛለን።"

"ላኪው ጋ ናሙና ታያላችሁ?"

ደስ አለኝ። "እናያለን፣ አባዬ! እዚያም መሣሪያ አለን።"

"ተቀባዩስ ጋ?"

"ከፊሏ ሌላ ዓይነት ሆና ትደርሳለች። ሦስት ዓይነት ናት፤ መንገድ ላይ ትለዋወጣለች።"

ሁለቱ ተያዩ።

"ኮረሪማ ተልኮ አዝሙድ ደረሰ ነው የምትይን?" አሉ ሐጂ።

"እንደዚያ በሉት።"

"ሹፌሩን ጠየቃችሁት?"

"ሹፌር የላትም፣ ሐጂ።"

"ሹፌር የሌለው ጭነት የታለ?"

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። "ልጄ ሌባ መሃል ልትገባ ነው።"

ማንም እንዳልሰረቀ፣ የምናጠናውም መለዋወጧን ራሱን እንደሆነ ነገርኳቸው። ብትለዋወጥ ነው ክብደት እንዳላት ያወቅነው አልኩ።

"ክብደትም ያጭበረብራሉ!" አለ አባቴ።

ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት አንድ ሰው፣ እሱ እንኳ፣ እንዲገባው ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል ብቻዬን ነበርኩ።

አባቴ እንባዬን አየ። ከዚያ ተነስቶ የሱቁን በር በጠራራ ፀሐይ ገርበብ አደረገው፤ ለቀብር ካልሆነ አያደርገውም። ጎረቤቶቹን ጠራና መዳፉን ዘረጋ።

"ያ አላህ፣ ልጄን ከአጭበርባሪ ጠብቅልኝ። የተላከላት መንገድ ላይ አይለወጥባት። እንደወጣ ይድረስላት!"

"አሚን!" አለ ሰው ሁሉ።

ይህ ዱአ ከሰመረ ሥራዬን በሙሉ ውሃ በላው። አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ የእኔን ድምፅ ይጠብቃል።

"አሚን" አልኩ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ።