አማቴ የሚወጡት ዳገት

ልጄን ለማግኘት ስድስት ዓመት ስለት ስሳል ኖሬያለሁ። ስለዚህ በተወለደች ማግስት አዋላጇ ነርስ ጭንቅላቷን በሜትር ለክታ፣ ቆዳዋ ላይ ያለውን ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አገላብጣ አይታ ፊቷ ሲለዋወጥ፣ ሴትዮዋን ጠላኋት። "ጭንቅላቷ አንሷል። በዚሁ ሳምንት ወልድያ ወስደሽ አስመርምሪያት" ብላ የሪፈር ወረቀት ሰጠችኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ቤት ስገባ አማቴ ገንፎ አገንፍተው ጠበቁኝ። "ሐኪሟ ምን አለች ልጄ?"

"ተመልሳ ትመዘን ነው ያለችው" አልኋቸው።

"ለሚዛንማ ብለሽ አራስ ገላሽን ነፋስ አታስመቺም! ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም። ሰማንያ ቀኗ ይሙላና ይደረስበታል።"

ደስ አለኝ። ፈሪ የሚፈልገው ሰበብ ነው፤ ወረቀቱን ፍራሽ ሥር ከተትሁት።

በሰማንያኛው ቀን ከበሮው ጆሮዋ ሥር ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ልጄ ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። ውሃው ሲነካት ግን አገር ይያዝልኝ አለች። ሴቶቹ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ከበሮ እንኳ አያባንናትም" ሲሉ እኔ ሞኟ በኩራት ፈገግ አልሁ።

ዓመት አልፏት እማ አላለችም። ከኋላዋ ሆኜ ድስት በማንኪያ ደበደብሁ፤ ዞር አላለችም። ያን ጊዜ ነው ይዣት ደሴ የወረድሁት።

ሐኪሙ ሳይቶሜጋሎ ስለሚባል ቫይረስ ነገረኝ። ጤነኛ አዋቂ ቢይዘው እንደ ጉንፋን ያልፍለታል፣ ብዙው ሰው መያዙንም አያውቅም። ነፍሰ ጡር ስትያዝ ግን ወደ ጽንሱ ሊሻገር ይችላል፣ በሕፃናት ምራቅና ሽንትም ይተላለፋል አለኝ። እኔ የአጸደ ሕፃናት መምህር ነኝ። ያንን ሆድ ይዤ ንፍጥ ስጠርግ፣ ልጆቹ ያስተረፉትን ስጎርስ ነው የከረምሁት።

"በሦስት ሳምንቷ ውስጥ ብትመረመር ኖሮ በእርግጠኝነት እናውቅ ነበር" አለ። "አሁን ከምልክቱ ተነሥቼ ነው የምነግርሽ። መድኃኒቱም መጀመር የነበረበት በመጀመሪያው ወር ነው።"

"ብትጀምር ትሰማ ነበር?"

"ማን ያውቃል። እንደ ልብ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። ግን እንሞክር ነበር።"

ይህቺ "ማን ያውቃል" እስካሁን ታንገበግበኛለች። ቁርጡን ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ። "እኔ ነኝ ያስቀረኋት! ሚዛን ብቻ መስሎኝ!" ነፍስ አባታቸው ባለማወቅ ነው ቢሏቸውም አልሰማ ብለው፣ በየወሩ በማርያም ቀን አሸተን ማርያም ድረስ በእግራቸው ወጥተው ይሰግዳሉ። ይኸው አራት ዓመት ሊሆናቸው ነው። ጎረቤቱም በሳቸው ፈርዷል። እኔ ላይ ግን ማንም አልፈረደም፤ ለኔማ ሁሉም ያዝንልኛል።

ዛሬ ጠዋት ጉልበታቸው አብጦ አየሁ። "እማማ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀሩ" አልኋቸው።

"ይች ልጅ የኔን ኃጢአት ተሸክማ እኔ ልቅር?" አሉኝ።

ልጄ መካከላችን ቆማ ከንፈራችንን ታያለች። አሁንስ እውነቱን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትሁ።

"ለመንገድ ውሃ ልቅዳልዎት?" አልሁ።

ውሃውን ተቀብለው፣ መርቀውኝ ዳገቱን ጀመሩት።