ምሕረት የራሷን አክታ ያየች ጊዜ

መጀመሪያ ላብ ነበር። ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ የልጅ ልጄ የተኛችበት በኩል አንሶላው እርጥብ ሆኖ አገኘው ጀመርኩ። ምሕረትን እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ካረፈች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምንተኛው በአንድ አልጋ ነው። ያኔ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ባዮሜዲካል ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ትማር ነበር። ቤታችን ወናጎ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄዳ ማታ ትመለሳለች።

ላቡን የፈተና ጭንቀት ነው አልኩ። ሳል ሲከተል ብርድ ነው አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፍኩ፣ ጤና አዳም አፈላሁላት። በእኛ ሰፈር ጭጋግ ሲወርድ መስኮት የሚከፍት ሰው የለም፤ የሰው ጠላት ብርድ ነው ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እሷ ግን እየከሳች ሄደች። ቀሚሷ ሰፋት። ቆጮ ሳቀርብላት ጎመኑን ብቻ ለቀም ለቀም አድርጋ "ጠገብኩ" ትላለች።

ቀጥሎ የሆነው እንዲገባችሁ ስለ ትምህርቷ ትንሽ ልንገራችሁ። እሷ ነች ያስረዳችኝ። ተማሪዎቹ የሳንባ ነቀርሳን፣ ቲቢን፣ መለየት ሲማሩ ሁለት ስላይድ ያዘጋጃሉ። ስላይድ አክታ የሚቀባበት ትንሽ መስታወት ነው። በአንዱ ላይ በሽታው ያለበት፣ ተመርምሮ የታወቀ አክታ ይቀባሉ። ሁለተኛው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ለእሱ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን አክታ ይቀባል፤ ወጣቶች ናቸውና ጤነኛ ናቸው ተብሎ ነው። ዚል ኒልሰን በሚባለው ዘዴ ቀለም ከቀቡት በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ባክቴሪያው ካለ በሰማያዊው ቀለም መሐል እንደ ቀጭን ቀይ ክር ይታያል።

የምሕረት ሁለቱም ስላይዶች ቀይ ነበራቸው። መምህሩ "ስላይዶቹን ቀላቅለሻል" ብሎ ዜሮ ሰጣት። ጓደኞቿ ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። ሌሎቹ ሲወጡ እንደገና አክታዋን ቀባች። ቀለም ጨመረች። አየች። ቀይ ነበር።

እኔ ይህን አላወቅኩም። ያወቅኩት ያን ቀን ከዲላ ስትመለስ ፍራሽ ጎትታ ቡና ወደምናስቀምጥበት ክፍል መግባቷን ነው። የዚያን ክፍል መስኮት ወለል አድርጋ ከፍታዋለች። ተናደድኩ።

"ዛሬ ደግሞ አሮጊት ሸተተሽ? ከአልጋዬ የምትሸሺው ምን አድርጌሽ ነው?"

"እማዬ፣ መስኮቱን አትዝጊው።"

"ብርድ ሊገድልሽ ነው እኮ!"

"እኔን የሚገድለኝ ብርድ አይደለም።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ቲቢ ነው። በዓይኔ አየሁት።"

ተቀመጥኩ። እናቷም ስትስል ነው የሞተችው። የበሽታዋን ስም ማንም አልነገረንም። እኛም አልጠየቅንም።

በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሄድን። አክታ ደጋግመው ተቀበሉ። ደረቷን ኤክስሬይ አነሷት። ዶክተሯ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ ምሕረትን አየች።

"ፖዘቲቭ ነው። ይድናል። ግን መድኃኒቱን አንድ ቀንም አትዝለዪ። ሲሻልሽ ዳንኩ ብለሽ እንዳታቆሚ።" ወደ እኔ ዞረች። "እማማ፣ እርስዎም ይመረመራሉ። የቤቱም መስኮት ይከፈት፤ በሽታው የሚተላለፈው በታፈነ አየር ነው።"

እኔ ነጻ ነሽ ተባልኩ። ደስ አላለኝም። ለዕድሜ ጠገቧ ጤና፣ ለልጅቷ በሽታ፤ ይህ ፍርድ ልክ እንዳልሆነ ለፈጣሪዬም በጸሎት ነገርኩት።

ጨርቁን ከስንጥቁ ነቀልኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱ። ትውጣለች። ታስመልሳለች። እግሯን ያቃጥላታል። "አይሶኒያዚድ የሚባለው ክኒን ነው" ትላለች፤ ለእሱም ቫይታሚን ጨመሩላት። "ሪፋምፒሲን የሚባለው ደግሞ ሽንቴን ያቀላዋል፤ አይተሽ እንዳትጮኺ" ብላኝ ነበር። አየሁ። ጮህኩ። እሷ ከነድካሟ ሳቀች። ገላዋን ላጥብ ሳነሳት እንደ ባዶ ቅርጫት ቀለለችኝ። ያን ጊዜ ልትሞት ነው ብዬ አሰብኩ። አላለቀስኩም። አጠብኳት።

በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ መድኃኒቱን በነርሷ ፊት ትውጣለች። አንድ ቀን "ዛሬ አልችልም" አለችኝ። "እኔ እችላለሁ" አልኳትና ደግፌ ወሰድኳት።

ከዚያ ቀስ በቀስ ሳሉ እየራቀ፣ ላቡ እየቀረ፣ ምሕረትም ከጎመኑ አልፋ ቆጮውን በአይብ መጠየቅ ጀመረች፤ አክታዋ ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ ሲታወቅና ሐኪሟ ከሰው ጋር መቀላቀል ትችያለሽ ስትላት፣ ቀሪውን መድኃኒት እየወሰደች ወደ ትምህርቷ ለመመለስ አብረን ወደ ዲላ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ተጭኖበታል፣ መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። በአጠገቤ ያለውን ከፈትኩት።

"እማማ፣ ይዝጉት እንጂ! ብርድ መታን!" አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

"ጋቢህን ልበስ።"

"ጋቢ የለኝማ!"

"እንግዲያው የእኔን እንካ፤ መስኮቱን ግን አልዘጋም።" ጋቢዬን ወረወርኩለት። ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም እያጉረመረመ ለበሰው።

ዲላ ስንደርስ መምህሩን አስጠራሁት።

"መምህር፣ ልጄ አየሁ ያለችው ነገር ነበረ ወይስ አልነበረም?"

"ነበረ፣ እማማ። የሐኪም ወረቀቷን አይቻለሁ።"

"ታዲያ ዜሮው ምን ይሠራል?"

ምሕረት ቀሚሴን ጎተተችኝ። "እማዬ፣ በቃ ተዪው።"

"አልተውም! መታመሟ ይበቃታል፤ ልክ አይታ ተሳስተሻል አትባልም።"

መምህሩ ወደ ምሕረት ዞረ። ከዚያ፣ "ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አላየሁትም ነበር። ተማሪ ነው፣ ጤነኛ ነው ብዬ ፈረድኩ" አላት። ለእኔ አይደለም፤ ለእሷ ነው የነገራት። ውጤቱንም አስተካከለ። ታማ ያመለጣትን ሌላውን የላብራቶሪ ሥራ ግን ከሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ጋር እንድትሠራ ነገራት። በዚህም ልሟገት አፌን ስከፍት ምሕረት ቀደመችኝ።

"እሱስ ልክ ነው፣ እማዬ። ያልሠራሁትን ሠራሁ ልበል?"

ከእኔ የወረሰችውን ሙግት በእኔው ላይ አዞረችው።

መምህሩ አብረዋት የሚማሩትን ሁሉ አስመረመረ፤ አንድ ልጅ በሽታው ሳይከፋበት ተገኘበትና ታከመ። ከዚያ ወዲህ የተማሪ ስላይድ ቀይ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ከመታረሙ በፊት ተማሪው ይመረመራል።

ምሕረት ከጓደኞቿ ዘግይታ ተመረቀች። አሁን ጨለለቅቱ ከተማ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

ጠዋት ጠዋት ውኃ ይዛ የጠበቀችንን ነርስ፣ እውነቱን ሳትሸፍን የነገረችንን ዶክተር፣ ስህተቱን ያመነውን መምህር አመሰግናለሁ። ቤታችሁ የሚያስል ሰው ካለ ሳሉ እስኪከርም ድረስ በጤና አዳም አታባብሉት፤ አክታውን አስመርምሩ። መድኃኒት ከጀመረ እስከ መጨረሻው አብራችሁት ሂዱ፤ ሲወፍር አትዘናጉ። ሰውም ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቃችሁ የበሽታውን ስም ጥሩ። እኛ ቤት ስሙ ሳይጠራ አንዲት እናት ተቀብራለች፤ ስሙ ሲጠራ ልጇ ተርፋለች።