ለመንገድ ያስቀመጥኩት ሻሽ

ሶዶ የገባነው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ መሰላል፣ ጥቅል ሽቦና አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጭነን ነው። ሰሌዳው ላይ በቀይ ቀለም «የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭ» ተብሎ ተጽፏል። ቤት ገና አልተከራየንም፣ የሚያውቀን ሰው የለም፣ ሥራማ በሕልማችንም አልመጣ፤ ሰሌዳ ግን አለን! ባሌ እንዲህ ነው። ልጅ ሳይወለድ ስም ያወጣል።

ሶዶ ያኔ ገና በደቡብ ክልል ሥር ነበረች። አዲስ አበባ ባሌ ይሠራበት የነበረው ድርጅት ግንባታው ሁሉ ቀጥ ሲልበት ሠራተኛውን በትኖ ነበር። ገበያው ቀዝቅዞ የጀመረ አይጨርስም፣ ያሰበም አይጀምርም። ባሌ አንድ ጊዜ ለሥራ ወላይታ ደርሶ ተመልሶ ስለነበር «ሶዶ እኮ ቤት እየተሠራ ነው» እያለ ነዘነዘኝ። አልዋሸም፤ እየተሠራ ነበር። ግን ሁሉም ግድግዳውን ያቆምና ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ አቅም ያንሰዋል። ጣሪያ የሌለው ቤት ደግሞ መብራት ምን ያደርግለታል?

መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየንና ሰሌዳውን ሰቀልን። ከበሩ በላይ ሰፍቶ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ከለለባቸው። ሰው መጣ፤ አልመጣም አልልም። ካውያ ይዞ መጣ። የማይናገር ሬዲዮ ይዞ መጣ። አንዷ የመምህር ሚስት ባትሪ ይዛ መጥታ «ይሞላል ወይ?» አለች። እኔም ማታ ማታ ራት እያቀረብኩ «ተቋራጩ፣ ዛሬስ የማንን ካውያ ተዋዋልክ?» እለዋለሁ። እሱ ይስቃል። እኔ ግን ከልቤ ተናድጄ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። በየጊዜው በልብስ ሰፊው ስልክ እየደወለ «ባልሽን ይዘሽው ነይና መጋዘኔን ይጠብቅልኝ» ይለኛል። ባሌ የወንድሜን መጋዘን ከሚጠብቅ መርዝ ቢጠጣ ይመርጣል። አንድ ቀን ትዕግስቴ አለቀና ቁርጡን ነገርኩት፤ «እስከ ጊፋታ። ጊፋታ ደርሶ ሥራህ ካልቆመ እንሄዳለን።» ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው፤ በመስቀል ሰሞን ይውላል። «እሺ» አለኝ። ሳይከራከር እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ቢሆንም ቃሌን ላለማጠፍ ለመንገድ የሚሆን አንድ የሚያምር ሻሽ ገዝቼ እሱ እያየ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነው እህል ነጋዴው የመጣው። ቤቱ ወደ በዴሳ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሰፈራቸው መብራት ሊገባ ፖል እየተተከለ ነው፤ እሱም ለጊፋታ ዘመድ ሲሰበሰብ ቤቱ በርቶ እንዲጠብቀው ይፈልጋል። ጎረቤቶቹም ሊያስገቡ አስበዋል፤ ሁሉም ግን «የሱ ሲበራ አይተን» ነው የሚሉት። በቃ፣ ዕጣችን እዚያ ቤት ላይ ወደቀ። ከበራ ሰፈሩ የኛ ነው፤ ካልበራ የወንድሜ መጋዘን።

ሄድን። ባሌ መሰላል ላይ፣ እኔ መሰላል ያዥ። የነጋዴው እናት ከሥራችን አይጠፉም። ሙቿ የሚሉትን ምግባቸውን በቅቤ አርሰው ያጎርሱኛል፤ በቃኝ ስል አልሰማ ይላሉ። አማርኛቸው ትንሽ ናት፤ እኔን «ና» ባሌን «ነይ» እያሉ ሁለታችንንም ያዙናል። መብራቱን የሚጠሩት «እንግዳው» እያሉ ነው።

«እንግዳው በየት ይገባል?» አሉት አንድ ቀን።

«በዚህች ሣጥን ነው እማማ» አለ ባሌ፣ በሩ አጠገብ የሰቀለውን ዋናውን ማብሪያ ከፍቶ እያሳያቸው። «ከፖሉ መጥቶ እዚህ ይደርሳል። እጀታዋን ወደ ላይ ሲያደርጓት እነዚህ ምላጮች እዚህ ይገቡና ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል።»

«አሃ። ይሄ ደጁ ነው» አሉና ሣጥኗን በአክብሮት ዳበስ አደረጓት። እኛም ሳቅን።

ጊፋታ ሊገባ ሲል መስመሩ ደረሰ። የዚያን ቀን ጠዋት ሻሼን አውጥቼ አሰርኩት፤ ፀጉር ቤትም ገብቼ ካስክ ተሠርቻለሁ። ባሌ አየኝና መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። ነጋዴው ግቢ ስንደርስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቷል። የመስመር ሠራተኞቹ ቀጥለውልን ወደሚቀጥለው ፖል አለፉ። ባሌ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እጀታውን ወደ ላይ ገፋ።

ምንም የለም።

ደግሞ ገፋ። እጀታው አልገባም ይላል። ከኋላ አንዱ «የአዲስ አበባ ሰው ሽቦ መዘርጋት ብቻ ነው እንዴ የተማረው?» ብሎ አሳቀ። ያን ሁሉ ወር ለመሄድ ስቁነጠነጥ የከረምኩት ሴትዮ ደሜ ፈላ። «ዝም በል አንተ! አንተስ ምን ዘርግተህ ታውቃለህ?» አልኩት። እኔ ባሌን ብሰድበው ባሌ ነው፤ እሱ ምን አገባው?

ባሌ የሣጥኗን ክዳን ፈታ። ሲከፍተው ሽታው አፍንጫዬን አለኝ። ቅቤ! ምላጮቹ የሚገቡበት ቦታ ሁሉ በቅቤ ተጠቅጥቋል፤ የግድግዳ ልስኑ አቧራ ገብቶበት እንደ ጭቃ ተጋግሯል።

«ይሄን ማነው ያደረገው?» አለ ነጋዴው።

«እኔ ነኛ» አሉ እናቱ ደረታቸውን ነፍተው። «ሙሽራ ስትገባ ራሷንም ደጁንም እንቀባለን። እንግዳው በደረቅ ደጅ ይግባ?»

ነጋዴው ራሱን ያዘ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ፤ እማማ ግን ሳቁ አልገባቸውም፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ። ባሌ አየና ሰው ሁሉ እንዲሰማው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ደጅ ነው ሲሉኝ አላረምኳቸውም» አለ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ጮኾ መስመሩን አስቆረጠ። ወደኔ ዞሮም «ንጹሕ ጨርቅ አለ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ነጠላውን ሰብሰብ አደረገ። እኔ እጄን ወደ ራሴ ሰደድኩና ሻሹን ፈትቼ ሰጠሁት። ባሌ ተቀብሎ ቆመ። ለምን እንደገዛሁት ያውቃላ! «ጥረግበት እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል?» አልኩት።

ጠረገ። አሸ። እንደገና ጠረገ። መስመሩ ተመለሰና እጀታዋ ቀጭ ብላ ገባች። በጠራራ ፀሐይ ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ በረንዳው ሁሉም ባንዴ ቦግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ያ ሲያሾፍ የነበረው ሰውዬ መጀመሪያ ባሌ ጋ ደርሶ «የኔን ቤት ደግሞ መቼ ታየዋለህ?» አለው።

ባሌ ግን እኔን ነው የሚያየው። እማማም እኔን ነበር የሚያዩት፤ ባዶ ራሴን። ጓዳ ገብተው በቅል ቅቤ ይዘው ወጡና «ና ልጄ» ብለው አናቴ ላይ አሳረፉት። ከካስክ የወጣ ፀጉሬ ላይ! ቅቤው በግንባሬ እየወረደ በአንገቴ ገባ። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ባሌ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ቀስ አድርጎ «ነገ መናኸሪያ ልሸኝሽ?» አለኝ።

«እንዲህ ተቀብቼ የት አባቴ ነው የምሄደው?» አልኩት። «ሂድና ሰውዬው ቤቱን ያሳይህ። መሰላሉን እኔ አመጣዋለሁ።»