የሕያው ሰው ሙሾ

ባለፈው ሳምንት የአንድ አዲስ ኦፔራ ኖታ በፖስታ ደረሰኝ። የምኖረው ሮተርዳም ነው፤ በዚህ ዕድሜዬም አልፎ አልፎ ለመዝፈን ይጠሩኛል። ሻይ ይዤ ስገልጠው ሦስተኛው ክፍል ላይ ደራሲው በእርሳስ የጻፈውን አየሁና ጣቴ እዚያው ቀረ፦ «እዚህ ላይ ዘፋኟ የምትወደውን ሰው ስም እየጠራች ታልቅስ።»

አማተብኩ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሸማኔዎች መሃል ነበር። አባቴ ጋሽ አንጁሎ ራሱ ሸማኔ ነበር። እኔ ከሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ተነስቼ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባሁና የፈረንጆቹን የጥንት ዜማ ተማርኩ። የዜማው ንጽሕና ደስ ይለኝ ነበር፤ ከጸሎት ብዙም አይርቅብኝም። ያን ክረምት ግን አስተማሪዬ ጋሽ መስፍን አዲስ ኦፔራ ጻፈ፤ ልጇን ወንዝ የወሰደባት እናት ታሪክ ነው። ከሆላንድ የመጣች አዘጋጅ አንዲት ዘፋኝ ልትመርጥ ነው፤ የተመረጠችው እዚያው ሄዳ ትማራለች።

«ድምፅሽ ታጥቦ የተተኮሰ ነው» አለኝ ጋሽ መስፍን። «ለቅሶ ቤት የቆመች ሴት አትመስዪም። በይ ቤትሽ ሄደሽ የምትወጂውን ሰው ስም እየጠራሽ አልቅሽ። እስኪሰነጠቅ ድረስ።»

የምወደው ሰው ሆስፒታል ተኝቷል። አባቴ ከሁለት ቀን በኋላ ሆዱን ኦፕራሲዮን ሊደረግ ነው።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋትም ጉሙ ከእንጦጦ አልተነሳም። እናቴ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ወደ ሆስፒታል ስትወጣ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ ላይ አፈርኩ። ከዚያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «አባዬ! አንጁሎዬ! ድሩን ለማን ትተኸው ሄድክ!» አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ደስ አለኝ፤ ደጋገምኩት።

እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ሸማኔ ሥራ ያቆማል። የመወርወሪያው ኳኳታ ቀኑን ሙሉ ስለማይቋረጥ ጆሯችን ለምዶታል፤ የምንሰማው ሲቆም ነው። ትንፋሽ ልወስድ ዝም ስል ቆሟል። ከጎረቤት፣ ከማዶ፣ ከታች፣ ሁሉም። ቀጥሎ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ጋሽ አንጁሎ!» እያሉ ገቡ። ግቢው በሰው ሞላ።

«አልሞተም» አልኳቸው። «ልምምድ ነው።»

«የምን ልምምድ?»

«ኦፔራ... እ... ማለቴ፣ በዘፈን የሚሠራ ቲያትር።»

«በሕያው ሰው? በጾም?» እትዬ አስካለ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «እኔ እንደሆነ እንባዬን አፍስሼዋለሁ። አሁን የት ልመልሰው?»

እናቴ ከሆስፒታል ተመልሳ ከታክሲ ስትወርድ ከጥሩምባው ጋር የባሏን ስም ሰማች። ከአንድ ሰዓት በፊት በእጇ አጥሚት ያጠጣችው ሰው መሞቱን አመነች። ፔርሙዙን ጭቃው ላይ ጥላ ወደ መጣችበት ሮጠች።

ከሰዓት በኋላ እኔም ሄድኩ። አባቴ ሁሉንም ሰምቷል።

«ስንት ሰው መጣ?» አለኝ እየሳቀ።

«ግቢው አልበቃም።»

«ያ የሚያኮርፈኝ ወንድሜስ?»

«ከሁሉም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው።»

«እሱማ ያልቅስ! የእጁን ነው።» ከዚያ ሳቁ ጠፋና እጄን ያዘኝ። «ሥራሽ ከሆነ አልከለክልሽም ልጄ። ስሜን ብቻ አትጥሪው። ቅድም ነርሷ 'አንጁሎ' ስትል ልቤ ቀጥ አለ።»

«በማርያም፣ አልጠራም» አልኩት።

ፈተናው አባቴ ኦፕራሲዮን ክፍል በገባበት ጠዋት ላይ ዋለ። ለሟቹ ልጅ «ተስፋዬ» የሚል ስም አውጥቼ ዘፈንኩ። ድምፄ እንደ ወትሮው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። አዘጋጇ የቀጣይዋን ተፈታኝ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች።

«አንዴ ልድገመው» አልኩ።

አንጁሎ ብዬ ጠራሁ። አባዬ ብዬ ጠራሁ። ስጨርስ አዘጋጇ ስሜን ጻፈች።

ሆስፒታል ስደርስ የእናቴን ፊት ማየት ፈርቼ እግሯን አየሁ። «ወጥቷል» አለች። «ይተነፍሳል።» አመሻሹ ላይ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጠራሽኝ?» ብሎ ነው።

«አልጠራሁህም።»

አመነኝ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። እኔም አሥራ አራት ዓመት በየመድረኩ በእሱ ስም አለቀስኩ። በየትርዒቱ ማግስት እደውልለታለሁ፤ ድምፁን ሳልሰማ ቁርስ አልቀምስም ነበር። ለንስሐ አባቴ ተናዝዤ ስግደት ተቀብያለሁ። ለእሱ ግን ሳልነግረው አረፈ፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም ስም ጠርቼ አልዘፈንኩም።

አሁን ስሙን ብጠራው የሚጎዳው የለም ብዬ ትናንት ኖታውን ዘርግቼ ሞከርኩ። የወጣው ያው የልጅነት ንጹሕ ድምፄ ነው። ለካ ሰው ሲያጨበጭብለት የኖረው ሐዘኔ አልነበረም፤ ይሞትብኛል ብዬ የምፈራው ፍርሃት ነበር። ለሞተ ሰው ደግሞ አይፈራም። ኖታው ላይ እንዳቀረቀርኩ፣ ሳላዘው አፌ «እማዬ» ብሎ ጀመረ። ድምፄ ወዲያው ተሰነጠቀ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

ዛሬ ጠዋት ለደራሲው ሌላ ዘፋኝ እንዲፈልግ ጻፍኩለት፤ ምክንያቱን አልነገርኩትም። ከዚያ ጉለሌ ላለችው እናቴ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፤ አታነሳም። ሰማንያ አልፏታል፤ ስልኩን ቤት ጥላ ቤተ ክርስቲያን መሳም ትወዳለች። እዚያ ሄዳ ይሆናል።