ቤንዚን የዋጥኩበት የጾም ቀን

መካኒሳ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ነጠላ ለብሼ ነበር። ከቅዳሴ በቀጥታ ስለመጣሁ ቅያሪ ልብስ አልያዝኩም። የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ልጄ፣ ለፍትሐት ከሆነ የመጣኸው እዚህ የሞተው ያ ቮልስዋገን ብቻ ነው» አሉኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። ነጠላዬን ሚስማር ላይ ሰቅዬ ብሎን በናፍጣ ማጠብ ጀመርኩ። ማታ ሳወርደው ነጠላው ራሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።

ድቁና የተቀበልኩት ልጅ ሆኜ መንዝ ውስጥ ነው። ጥሪ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አባቴ ወሰደኝ፣ ጳጳሱ ባረኩኝ፣ በእግራችን ተመለስን። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን አዲስ አበባ መጥቼ መካኒሳ አቦ አክስቴ ቤት ተጠጋሁ። ከዚያ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እያገለገልኩ፣ እንጀራዬን ደግሞ ከጋራዡ አገኝ ነበር። ጋራዥ ውስጥ «ዲያቆን» ይሉኛል፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ «መካኒኩ» ይሉኛል። የትኛው እንደሆንኩ እኔም አላውቅም።

እናንተ ወጣቶች እንዲገባችሁ ሥርዓቱን ልንገራችሁ። ቅዳሴ አምስት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አራት ሆኖ አይጀመርም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያሏት ዲያቆናት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም። የሚቀድስ ሰው ደግሞ ምንም ሳይቀምስ መዋል አለበት። ቁስሉ የሚደማም መቅደስ አይገባም። የቤተ ክርስቲያናችን መሪጌታ፣ «ዝንብ እንኳ ጉሮሮህ ከገባ የዚያን ቀን አትቀድስም» ይሉ ነበር።

መካኒክ ሆኖ ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም። ቁልፍ ያመልጥና ጣት ይላጣል። ጋሽ ታደሰ ግን ሥርዓቱን ስለሚያውቁ በምቀድስባቸው ቀናት፣ «ዛሬ ቀዳሽ ነው፣ ስለት አታስይዙት» ብለው የማያቆስል ሥራ ይሰጡኛል። ከመኪና ታንከር ቤንዚን በቱቦ በአፍ መሳብ ካስፈለገም የሥራ ባልደረባዬ ሰለሞን ይስብልኝ ነበር። የጋራዡ ልማድ ይህ ነበር፤ እስከማወራችሁ ቀን ድረስ አልተዛነፈም።

ሚስቴን በቁርባን ባገባሁ ዓመት፣ በዓቢይ ጾም ውስጥ፣ ሁለት ጥያቄ ተደራረበብኝ። ጋሽ ታደሰ፣ «ከፋሲካ በኋላ ዋና መካኒክ አደርግሃለሁ። ግን በሥራ ሰዓት እየጣሉ መሄድ ይቀራል» አሉኝ። በዚያው ሳምንት የቤተ ክርስቲያናችን አስተዳዳሪ መምሬ ጌታሁን፣ «ትዳር ይዘሃል። ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ ሲመጡ ቅስና ትቀበላለህ» አሉኝ። ለሁለቱም «ላስብበት» አልኳቸው።

ሳስብበት ግን የባሰ ተምታታብኝ። ቅስና የተቀበሉ ጓደኞቼ ስለ ጥሪያቸው ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዱ ሕልም አይቷል፤ ሌላው ስሙ ሲጠራ ሰምቷል። እኔ ተኝቼ የማየው ካርቡሬተር ነው። ዋና መካኒክነቱን እፈልገዋለሁ፣ ቅስናውንም እፈልገዋለሁ፤ ሁለቱንም ደግሞ እፈራቸዋለሁ። ምልክት ስጠኝ ብዬ ጸለይኩ። የተሰጠኝ ምልክት አሁን የምነግራችሁ ከሆነ፣ ትርጉሙ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በጾም ቅዳሴው ከሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት እሠራለሁ፣ ቀድሼ እመለሳለሁ። የዚያን ቀን የአንድ ደንበኛ ኮሮላ ሞተር ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼዋለሁ፤ ከቅዳሴ ተመልሼ ልገጥመው ነው። ልወጣ ስል ከድር የሚባል የሚኒባስ ሾፌር መጣ። ቤንዚኑ ቆሻሻ ገብቶበት መኪናው እየጠፋ አስቸግሮታል። ታንከሩ መራገፍ ነበረበት። ሰለሞን መኪና ሥር ተኝቷል።

«ዲያቆን፣ ቶሎ በለኛ! የቀኑ ገቢ እኮ አለፈኝ!» አለ ከድር።

ቱቦውን አንስቼ ሳብኩ። እጄ ለምዶት ነው እንጂ አላሰብኩበትም። ቤንዚኑ ድንገት መጣና አፌን ሞላው። ተፋሁ፣ አሳለኝ፣ ደግሜ ተፋሁ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ። ከድር በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቱቦውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ውጬዋለሁ ወይስ አልዋጥኩትም? ሰለሞን ከመኪናው ሥር ወጥቶ ፊቴን ሲያይ ነገሩ ገባው። ቱቦውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ አንዲት እናት ክርስትና ቤቱ በር ላይ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ወንድ ልጅ ነው፤ አርባ ቀኑ ስለሆነ ተጠምቆ ሊቆርብ ነው። በባዶ ሆዱ እንዲቆርብ ከጠዋት ጀምሮ ጡት አላገኘም። ያለቅሳል። ደክሞትም ነበር። መምሬን ወደ ጎን ጠራኋቸው።

«አባቴ፣ ቤንዚን የዋጥኩ መሰለኝ።»

«ምን?»

«ቤንዚን።»

«እስቲ ተንፍስ» አሉ። ተነፈስኩ። ፊታቸውን አዞሩ። «በል ጧፍ አጠገብ እንዳትቆም!»

ሁለተኛው ቄስ፣ «ቤንዚን ምግብ አይደለም እኮ፣ ይግባ» አሉ። መሪጌታው፣ «ዝንብስ ምግብ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ሁለቱ ክርክር ያዙ። መምሬ ግን ወደኔ ዞሩ።

«ዋጥከው ወይስ አልዋጥከውም?»

«አላውቅም፣ አባቴ።»

«እንግዲያው አትገባም። ይህ ልጅም ሳይቆርብ አይመለስም። ሂድና አንድ ዲያቆን አምጣ።»

«ከየት?»

«እኔ ምን አውቄ! መካኒክ አይደለህ? መላ ፈልግ።»

ወደ ጋራዡ ሮጥኩ። ሰለሞን ቤንዚኑን አጣርቶ መልሶለት ከድር ሞተር እያስነሳ ነበር። በመስኮቱ በኩል የሆነውን ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ። «ጾመኛ መሆንህን መች አወቅኩ? ወላሂ አልስቅም ነበር። ግባ!» አለኝ።

ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ምስጋናው የሚባል የማውቀው ዲያቆን ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ግቢው በር ላይ ስንደርስ አከራይዋ እጁን እያስታጠቡት ነው። ምሳው ቀርቧል።

«እንዳትበላ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ደንግጠው ማስታጠቢያውን ሊጥሉት ነበር።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ ምስጋናው።

«ውሃ ጠጥተሃል?»

«አልጠጣሁም።»

«የሚደማ ቁስልስ?»

«የለብኝም። ሰው ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፤ ተርቧል» አልኩትና እጁን ይዤ ጎተትኩት።

ስንመለስ የሕፃኑ ለቅሶ ከውጭ በር ይሰማል። ድምፁ ሰልሏል። ምስጋናው ሮጦ ገባ፣ አምስት ሆኑ፣ ቅዳሴው ተጀመረ። እኔ በቱታዬ ላይ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ውጭ ዛፍ ሥር ቆምኩ። ምእመናኑ ሽታዬን እየሸሹ ራቅ ራቅ አሉ። «ለጸሎት ተነሡ» የሚለውን የኔን ቦታ ምስጋናው ሲለው ሰማሁ። ቀናሁ። ዋና መካኒክነቱን ለሌላ ሰው ቢሰጡብኝ እንደዚያ የምቀና አይመስለኝም ነበር። በሌላ በኩል፣ እግዚአብሔር ከመቅደስ ያስወጣኝ ወደ ጋራዡ ሊልከኝ ከሆነስ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱም ልክ መሰለኝ።

ልጁ ቆረበ። እናቱ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጡቷን ሰጠችው። ለቅሶው ቆመ። ቱታዬን አይታ፣ «ሾፌሩ አንተ ነህ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። «አሜን» አልኳት።

ሁሉም ሲሄድ መምሬ ዘንድ ቀረብኩ።

«አባቴ፣ የዛሬው ነገር ምልክት ነው? ውጣ ነው የተባልኩት ወይስ ግባ?»

«አላውቅም» አሉ።

«እርስዎ እንዴት ተጠሩ?»

«የአገራችን ቄስ ሞቱ። ተዝካራቸው ሳይወጣ ጎረቤቶቼ ጳጳሱ ዘንድ ይዘውኝ ሄዱ። ከዚያ ሌላ ምክንያት ካለው ይመጣል ብዬ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።»

«እስካሁን አልመጣም?»

«አልመጣም። ነገም ቀዳሽ ነህ፤ ቱቦ እንዳትነካ።»

ቅዳሴው ዘግይቶ ስለወጣ ጋራዡ ተዘግቶ ደረስኩ። በማግስቱ ጋሽ ታደሰ ከተፈታው ሞተር አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ። የኮሮላው ባለቤት መጥቶ ጮሆባቸው ሄዷል።

«የሰው ሞተር ዘርግተህ ቀረህ።»

«ቀረሁ፣ ጋሼ። ይቅርታ።»

«ነገሩን ከድር ነግሮኛል። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ነገም እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ጥለህ ትሄዳለህ?»

አልሄድም ልል ነበር። አፌን ስከፍት ግን፣ «እሄዳለሁ» አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«እንግዲያው ዋና መካኒኩ ሰለሞን ነው» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን እየገጠምኩ እንባዬ መጣ፤ ሰለሞን እንዳያየኝ አጎንብሼ ዋልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ቅስና ተቀበልኩ። ጳጳሱ እጃቸውን ሲጭኑብኝ አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የተሰማኝ ተንበርክኬ የታመመው ጉልበቴ ነው። ከቅዳሴ በተረፈኝ ሰዓት በሰለሞን ሥር ሆኜ ብሎን ስፈታና ስገጥም ኖርኩ። ሰለሞን ጥሩ አለቃ ነበር። ቀዳሽ በሆንኩባቸው ቀናት ስለት አያስይዘኝም።

አሁን ከጋራዡም ከመቅደሱም አርፌያለሁ። ወጣት ዲያቆናት ቤቴ እየመጡ፣ «ቀሲስ፣ መጠራቴን በምን አውቃለሁ?» ይሉኛል። እኔ የራሴንም አላወቅኩም። የዚያን ቀን ቤንዚኑን ልዋጠው አልዋጠው እንኳ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ለእነሱ የምላቸው ግን አንድ ነው። ቅዳሴ አምስት ሰው ይፈልጋል። አራቱ ቆመው ከሆነና ሕፃኑ እያለቀሰ ከሆነ፣ አምስተኛው ሳይገባውም ይገባል።