ሥሮቹን ያቃጠሉበት ጠዋት

ጅማ አጠገብ የቡ የምትኖረው አክስቴ ጫት ልትተክል ያረጀ ቡናዋን ያስነቀለች ቀን ልቅሶ ቤት የተቀመጠች ትመስል ነበር። የቀጠረቻቸው ሰዎች ግንዱን ሲገዘግዙ ዳር ቆማ «ያ ረቢ» ከማለት በቀር አልተነፈሰችም። እኔ ያኔ ጅማ ሥዕል የምማር ተመራቂ ነበርኩ። ግንዱን ማገዶ ሻጭ ሲጭነው ሥሮቹን እንድትሰጠኝ ለመንኳት።

«ሥር ምን ሊያደርግልሽ?»

«ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ።»

«ከአፈር በታች የኖረን ነገር?» ብላ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው ያኔ ብቻ ነው።

የመመረቂያ ሥራዬ ስለ ሥር ሆነ። የዛፉም ሥር ነው፣ እጃችን ላይ የሚገተረውም የደም ሥር ነው፤ በኦሮምኛም «ሂዳ» ካልን ሁለቱንም ይይዛል። ሰው ይህን ዝምድና ያየው ከእኔ በፊት ነው፤ እኔ በእጄ ልዳስሰው ፈለግሁ። ሥሮቹን አጥቤ አደረቅሁ። አካሄዳቸውን በሽቦ ጠመዘዝኩት፣ በሸክላ አበጀሁት። አባቴ ሄርማታ ሰፈር ካለው ጨርቅ ሱቁ አቡጀዲ ቀደደልኝ፤ የቡና ቅጠል ቀለም እየቀባሁ አተምኩበት። የአክስቴን እጆች በእርሳስ ሣልኩ። ሸክላው እየተሰነጠቀ ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከተመራቂዎች ኤግዚቢሽን በፊት በነበረው ቀን ሁሉንም ቦሳ ኪቶ ሰፈር ካለው ቤታችን በባጃጅ አመላልሼ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በተሰጠኝ ጥግ ሰቀልኩ፣ ደረደርኩ። ስሜንም ለጠፍኩ።

በነጋታው ጠዋት ስደርስ ጥጉ ተጠርጓል። ግድግዳው ባዶ ነው። ሥሮቹ በነበሩበት ቦታ የፕላስቲክ አበባ የተሰካባቸው ማሰሮዎች ቆመዋል። ከአዳራሹ ጀርባ ጭስ ሸተተኝና ሮጥኩ። ሥሮቼ ከወረቀትና ከፌስታል ጋር ይነዳሉ። አቡጀዲው አልቋል። ሸክላው ተረግጦ ደቅቋል።

ያስጠረገው የአስተዳደር ኃላፊው መሆኑን ሰምቼ ቢሮው በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ሥራዬን ለምን አቃጠሉት?»

«የቱን ሥራ?»

«ሥሮቹን!»

«እሱ ነው እንዴ?» አለና ከወንበሩ ሳይነሳ ክራቫቱን አስተካከለ። «ጉንዳን ነበረው እኮ። እንግዳ ይመጣል፣ ቆሻሻ ይነሳ አልኩ።»

«ስሜ ተለጥፎበት ነበር።»

«እህቴ፣ አትጩኺ። ደህና ሥዕል ካለሽ አምጪና እናሰቅልልሻለን። እንጨት እንደሆነ ጅማ ሞልቷል።»

ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ወጥቼ የፕላስቲክ አበባዎቹን ከነማሰሮአቸው ደጅ ወረወርኩ። ከእሳቱ ውስጥ ገና ያልከሰሉትን ትቼ የከሰሉትን ሥሮች በውኃ አጠፋሁና ወደ ግድግዳው ሄድኩ። ያን የሚያህል ነጭ ግድግዳ ነክቼ አላውቅም ነበር። ከሰሉ እጄ ላይ እየተፈረከሰ፣ ከወለሉ ጀምሬ ወንበር ላይ ወጥቼ እስከምደርስበት ድረስ ሥር ሣልኩ። ቁጣ ለእጅ ጥሩ አይደለም፤ መስመሬ ካሰብኩበት ይወጣ ነበር። የሚያስቆመኝ ግን አልነበረም።

አክስቴ ከየቡ ስትመጣ እንግዶቹ ገብተው ነበር። የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች። ፊቴንና እጄን ጥላሸት ለብሶ ስታይ «ማል ታቴ?» አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለቷ ነው። ነገርኳት።

ኃላፊው በዚህ መሃል እንግዶቹን ይዞ ግድግዳው ጋ ደረሰ። «እንግዲህ እንደምታዩት፣ ተቋማችን ለተማሪ ፈጠራ ሙሉ ነፃነት ይሰጣል። ከግድግዳችን እንኳ አንሳሳም» አለ። ፈገግ ብሎ!

አክስቴ ግን ወደ ፊት ወጣች። «ቡናው የእኔ ነው» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሥሩን ለልጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጠዋት አቃጠለው። አመዱ ከአዳራሹ ኋላ አለ፣ ኑና እዩ።»

አንዳንዶቹ ሄደው አዩ። ኃላፊው «የመግባባት ችግር ነው» እያለ ሌሎቹን ወደ ቀጣዩ ሥዕል ነዳቸው። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፣ ያን ቀንም ከዚያ በኋላም።

አስተማሪዬ ጥሩ ውጤት ሰጠኝ። ሲሰጠኝ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ከመጀመሪያው የግድግዳው ይበልጣል። ሰውየውን ማመስገን ነው ያለብሽ» አለኝ። ጓደኞቼም ይህንኑ ደገሙት፤ ሁሉም የሚያጽናኑኝ እየመሰላቸው። ከቃጠሎው ይልቅ ይሄ አንገበገበኝ። የወራት ሥራዬን ያነደደ ሰው እንዴት ባለውለታዬ ይሆናል? የመጀመሪያውን ተሰቅሎ አክስቴ እንኳ አላየችውም። ማን አይቶት ነው የሚያበላልጠው?

ግድግዳውን ኋላ ቀለም ቀቡት። ከመቀባታቸው በፊት ግን ፎቶ አንስተውት ኖሮ፣ ለአዲስ ተማሪዎች በሚታደለው መጽሔት ላይ ሊያወጡት ፈለጉ። የምታዘጋጀዋ ልጅ ደውላ አንድ ሁለት መስመር አስተያየት ጠየቀችኝ።

«ሥሮቹን እንዳቃጠላችሁ ጻፉ» አልኳት።

«እሱማ አይሆንም፣ እህት።»

«እንግዲያው ስሜን ሰርዙት፣ ፎቶውንም አታትሙ።»

መጽሔቱ ሲወጣ ስሜ የለም። ፎቶው ግን ሙሉ ገጽ ይዟል።