በእስክሪብቶ የሰረዝኩት ዓረፍተ ነገር

እኔ ሰው ሲሳሳት አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አስተማሪ ስለነበርኩ ነው እላለሁ፤ ልጄ ግን «ኖ ማሚ፣ አመልሽ ነው» ትለኛለች። አዲስ አበባ ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመጣ ጠመኔ የለመደው እጄ የአረጋውያን መኖሪያ ምድር ቤት ወርዶ፣ ልብስ ማጠቢያው ሎንድሪ ውስጥ አንሶላ ማጠፍ ጀመረ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ያን ሁሉ እንግሊዝኛ ይዤ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ ልፈነዳ ደርሼ ነበር።

እሷ የመጣችው ያኔ ነው። ከባንግላዴሽ የመጣች፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምታንስ፣ በረጅም ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ የወንድ ሹራብ የምትደርብ ቀጭን ሴት። በመጀመሪያው ቀን «አፓ» ብላ ጠራችኝ። ስሜን የተሳሳተች መስሎኝ ላርማት አፌን ስከፍት፣ ለካ በእነሱ ቋንቋ «ታላቅ እህቴ» ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እኔም በአማርኛ «እህቴ» እላት ጀመር። የቀረውን በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ እሷ በተሰባበረው፣ እኔ ሙሉ ነው በምለው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከቦርሳዋ አንድ መጽሐፍ ታወጣለች። ጠርዙ ተበልቶ በፕላስተር የተጠገነ ነው። በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ ቀጥሎ አነባበቡ በእነሱ ፊደል፣ ቀጥሎ ትርጉሙ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የምሳሌ ዓረፍተ ነገር። ፊደላቸው ከአናቱ መስመር አለው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ይመስላል። በቀን አምስት ቃል ከነምሳሌው ትሸመድዳለች።

ምሳሌዎቹን ሳነብ ሳቄ መጣ። «ንጉሡ ጀግና ነው።» «ላሟ ወተት ትሰጣለች።»

«እዚህ ሜሪላንድ ንጉሥ ከየት ልታመጪ ነው? ላምሽስ የታለች?» አልኳት። «ተይው ይሄን። ነፍስ ያለው ዓረፍተ ነገር እኔ እሰጥሻለሁ።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁና የመጽሐፉን እየሰረዝኩ የራሴን ከሥሩ መጻፍ ጀመርኩ። ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ እኔ ከመጽሐፉ አወቅኩ። ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው እጄን እያየ እየተማረ ነው። እሷም የጻፍኩላትን ሁሉ እንደ ጸሎት ትይዘዋለች።

የመማሯ ነገር የቅንጦት አልነበረም። በረኪናው እጇን ጨርሶት ነበር። ጓንት ብታጠልቅም በጣቶቿ መካከል ቆዳዋ ይሰነጠቅና ይደማል። ሐኪሙ ከዚህ ሥራ ካልወጣሽ አይድንም ብሏታል። መውጫዋ አንድ ብቻ ነው፤ ፎቅ ላይ ወጥቶ አረጋውያኑን መንከባከብ። ለዚያ ደግሞ ኢንተርቪው አለ። አፕላይ አደረገች፣ ቀጠሮ ተሰጣት፣ መጽሐፏን ይዛ መጣችና «አፓ፣ አዘጋጂኝ» አለችኝ።

«ፕሌይ» የሚለው ቃል ላይ ደርሰን ነበር። መጽሐፉ «ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ» ይላል። «አሁን ይሄ ለኢንተርቪው ምን ይረባሻል?» ብዬ ሰረዝኩትና ከሥሩ በትልልቁ ጻፍኩላት፦ «አይ ላይክ ቱ ፕሌይ ዊዝ ኦልድ ፒፕል።» በልቤ ያለው «ሽማግሌ ማጫወት እወዳለሁ» ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማጫወት ስንት ዋጋ አለው! የታመመ ጠይቀን እናጫውታለን፤ ለቅሶ ቤት እንኳ «እስቲ አጫውቷቸው» ይባላል። ጨዋታ አዋቂ የትም አይጠላም። በእንግሊዝም አፍ እንደዚያው መሰለኝ። ሰባት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አልጠረጠርኩም።

ቀጠሮዋ ደርሶ ስትገባ፣ የፎቁ ሱፐርቫይዘር «አንዲት አሮጊት ከፍቷቸው ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ የሸመደደችውን ቀጥ አድርጋ አለችው። ለካ በዚያው ሰሞን አንድ ሠራተኛ የአንዲት ባልቴት መነጽር እየደበቀ ሲስቅባቸው ተይዞ ተባሯል። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «እዚህ ያሉት ሰዎች መጫወቻ አይደሉም» አለቻት። በዚያው አለቀ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ አለችኝ» ብላ ነገረችኝ ተመልሳ፣ ጓንቷን እያጠለቀች። «መጽሐፍ ነው አልኳት።»

እቤቴ ገብቼ ልጄን ጠየቅኋት። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ዓረፍተ ነገሩን ስነግራት ብድግ አለች።

«ማሚ፣ ዛትስ ሶ ዊርድ! ፕሌይ የምታደርጊው ከቤቢ ጋር ነው። ኦልድ ፒፕል ከሆኑማ፣ ላይክ፣ እየቀለድሽባቸው ነው።»

«ማጫወትስ? ቁጭ ብሎ ማውራት?»

«ቶክ። ጀስት ቶክ።»

ክው አልኩ።

በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ የምላትን ሳሰናዳ ሄድኩ። «እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አብረን ሱፐርቫይዘሯ ጋ እንውጣና እኔ ነኝ ያሳሳትኳት እላታለሁ።» ይኸው ነበር፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ስደርስ እሷ ማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ቆማለች። እነሱ ፊት «አፓ፣ ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነበረው እንዴ?» አለችኝ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። መምህርቷ እያሉ ነበር የሚጠሩኝ።

«ዓረፍተ ነገሩማ ደህና ነው» አልኩ። «አነጋገርሽ ነው። ፕ ስትዪ ብ ይመስላል።»

ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ ወለምታም አልነበረ፤ አውቄ፣ አስቤ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ የተናገርኩት ነው።

እሷ አመነችኝ። ይባስ ብላ አስተካክዪኝ አለችኝ። እኔም እንደ ደህና አስተማሪ ሶፍት ቀድጄ ከንፈሯ ፊት ያዝኩላት፤ ፕ በትክክል ከወጣ ሶፍቱ ይርገበገባል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ በተሰነጠቀ ጣቷ ሶፍት ይዛ፣ ማድረቂያው ማሽን ፊት ቆማ፣ «ፕሌይ፣ ፕሌይ፣ ፕሌይ» ትላለች። አንድ ወር ሙሉ። እኔ ከጎኗ አንሶላ አጥፋለሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ያሳለፍኩት ቀን ራሱ መናገሩን ያከብደዋል። ይቆጨኛል ብል ያንሳል፤ እስካሁን ሶፍት ስቀድ እሷ ትመጣብኛለች።

ከዚያ በሜትሮ ባቡር የሚደረስበት አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ ሌላ የአረጋውያን መኖሪያ ለኢንተርቪው ጠራት። ሜትሮው ድረስ ሸኘኋት። ንጹሕ ሹራብ ለብሳለች፣ እጇን ቫዝሊን ቀብታዋለች። ባቡሩን ስንጠብቅ ከኪሷ ሶፍት አወጣችና ከንፈሯ ፊት ይዛ «አይ ላይክ ቱ ፕሌይ ዊዝ ኦልድ ፒፕል» አለች። ሶፍቱ ተርገበገበ። እንዲህ ያለ ፕ እኔም አይወጣልኝም።

«ልክ ነኝ፣ አፓ?»

ባቡር ሲመጣ የሚበራው የመሳፈሪያው ወለል መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። «ቶክ በዪ» ለማለት ጊዜ ነበረኝ። አንዲት ቃል ናት።

«በጣም ጥሩ» አልኳት፣ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ። ደስ ብሏት ገባች።

ሰኞ ስደርስ ሎንድሪ ውስጥ ጓንቷን አጥልቃ አገኘኋት። ያም አልሆነላትም። ምሳ ሰዓት ላይ እንደ ልማዷ አጠገቤ ተቀመጠች፣ መጽሐፉን አወጣች፣ ከፈተችና ፊቴ አኖረችው። የእኔ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ልጆቹ ኳስ ይጫወታሉ» ይላል። አሌክሳንድሪያ አንድ ሰው አስረድቷታል ማለት ነው።

ቀና ስል እያየችኝ ነበር።

«መጽሐፉ ነው የተሳሳተው፣ አፓ» አለችኝ በቀስታ።

እንድናገር በር ልትከፍትልኝ ነው ወይስ እንዳላፍር ልትሸፍነኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አዎ» አልኳት፣ «መጽሐፉ ነው።»

ጓንቷን አወለቀች። ድንች የተጠቀለለበትን ስስ ቂጣዋን በዚያ በሚደማ እጇ ለሁለት ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። ተቀብዬ በላሁ።